ነጯ፣ አረንጓዴዋና ዳገቱ

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ እንደ ሰው ወጥተን የገባነው አንድ ዓርብ ጠዋት ነው። ረመዳን ነበር፤ ሁለታችንም ጾመኞች ነበርን። ካርቱም ውስጥ ከምንኖርበት ከዴም ሰፈር ተነስተን የዓባይን ድልድይ ተሻገርን፤ ኦምዱርማንን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠን ቤት አልቆ አሸዋ ከሚጀምርበት ደረስን። የሄድነው ሁለት አሮጌ መኪኖች ዳገት ሲወጡ ለማየት ነበር።

ይህን ለማያውቅ ሰው ነገሩ የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ካርቱም ሜዳ ናት። ከባሕሪ እስከ ዴም፣ ከዴም እስከ ኦምዱርማን ሲነዱ ቢውሉ አንድ መኪና የሚያቃስትበት ቦታ አይገኝም። ስለዚህ በባሕሪ የጋራዥ ሰፈር የናፍጣ ሞተር የሚሠሩ ሰዎች አንድ ልማድ ነበራቸው። ሞተር ወርዶ፣ ተበትኖ፣ ተመልሶ ሲገጠም ሥራው አለቀ አይሉም። ከኦምዱርማን በስተ ምዕራብ ካሉት ጥቁር ድንጋይ የለበሱ ኮረብቶች አንዱን እስኪወጣ ድረስ ያ መኪና ለእነሱ ገና በሽተኛ ነው።

ባለቤቴ በዚያ ሰፈር አሥራ አራት ዓመት ሠርቷል። ሙያው ለሞተር ናፍጣ የሚመጥነው ፖምፓ ነበር። አብሮት ጋራዡን የያዘው ሰውዬ ሱዳናዊ ነው፤ እዚያ የሙያ አዋቂን ኡስታ ይሉታል፤ እኔም ኡስታ ነበር የምለው። ቤቱ ዴም ውስጥ ከእኛ ሁለት መንገድ አልፎ ነው። ሁለቱ ከጨረታ ሁለት የወደቁ መኪኖች አመጡና አንድ አንድ ተካፍለው በየፊናቸው አደሷቸው። ሁለቱም በአራቱም ጎማ የሚሄዱ፣ ሁለቱም የናፍጣ፣ ሁለቱም ከጃፓን የመጡ ነበሩ። የሠሯቸው ፋብሪካዎች ግን ከድሮ ጀምሮ ተፎካካሪዎች ናቸው። በሱዳን ሾፌር ሁሉ በሁለቱ መካከል ለሁለት ተከፍሏል፤ ልክ ኦምዱርማን በሁለቱ የኳስ ክለቦቿ እንደተከፈለች። የኡስታው ነጭ ነበረች፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌላት፣ ዝግ ያለች። የባለቤቴ አረንጓዴ ነበረች። ቱርቦ አላት፤ እሱ ስለ እሷ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር።

እኔን የወሰዱኝ ሰኮንዱን ደብተር ላይ ለመጻፍ ነው። ወሎ ሳለሁ አስተማሪ ነበርኩ። ካርቱም ከመጣሁ በኋላ ሰው ቤት ሠርቻለሁ፤ ኋላ ላይ ደግሞ ዴም ውስጥ ለእኛ ሰው ልጆች ፊደል አስቆጥር ነበር። ባለቤቴ ሲቀልድ ኡስታዛ ይለኛል፤ በዐረብኛ አስተማሪ ማለት ነው። ኡስታውም ከእሱ ሰምቶ እንደዚያው ይጠራኛል። በሰኮንድ የሚያዝ ነገር ሲኖር ሁለቱ አይተማመኑም። አንዱ የስልኩን ሰዓት ቢይዝ ሌላው ዘግይቶ ነካው ይላል። በእኔ ግን ይስማማሉ። ኡስታው አንድ ጊዜ ከደንበኛ ጋር ሲከራከር፣ "ኡስታዛ ከጻፈችው አለቀ፤ እሷ ለባሏም አትዋሽም" ሲል ሰምቼው ደስ ብሎኝ ነበር።

ሕጉን ያወጣው ባለቤቴ ነው። በሁለቱም ላይ እኩል ስድስት ስድስት ጆንያ አሸዋ ይጫናል። የጎማው ነፋስ እኩል ይሆናል። ናፍጣ ከአንድ ቦታ ተቀድቶ ሁለቱም ታንክ አፉ ድረስ ይሞላል። ከታች ነጭ ቀለም ከተቀባው ድንጋይ፣ ቆመው ይነሳሉ። እላይ ካለችው የእሾህ ዛፍ ሲደርሱ ጥሩምባ ይነፋሉ። እኔ ከታች ሆኜ እቆጥራለሁ፤ ጎማ ከተንሸራተተ፣ ሞተር ከጠፋ፣ የውሃው ሙቀት ከጨመረ እጽፋለሁ። ሦስት ሦስት ጊዜ ይወጣሉ፤ የሚያዘው ከሦስቱ የተሻለው ነው።

በመጀመሪያው ዙር ነጯ በሁለት ሰኮንድ ቀደመች። በሁለተኛው እኩል ወጡ። ኡስታው ከላይ ሲወርድ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ ሐበሻው ቱርቦውን በጾም ረስቶት መጣ አለ። ባለቤቴ ሳቀ፤ አሳሳቁ ግን አላማረኝም። ባለቤቴ በሁሉም ነገር ትሑት ነበር፤ ከሞተር በስተቀር።

ከሦስተኛው ዙር በፊት ኮፈኑን ከፈተ። ዘይት ላይ ነው አለ ጮክ ብሎ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ከኪሱ ቁልፍና ትንሽ ካቻቢቴ አወጣ፤ ፖምፓው ላይ ያለችውን ማሰሪያ ፈታና ቪቴዋን ግማሽ ዙር እንኳ የማይሞላ አዞራት። አሥራ አራት ዓመት ከናፍጣ ሰው ጋር የኖረች ሴት ያቺ ቪቴ ምን እንደምትሠራ ታውቃለች። ሞተሩ ከልኩ በላይ ናፍጣ ይጠጣል፤ ጉልበት ያገኛል፤ የተረፈውን ጥቁር አድርጎ ይተፋዋል። ቀና ብዬ አየሁት።

"ጾመኛ አይደለህ?" አልኩት በሹክሹክታ።

"ቪቴ ጾም አያስፈታም፣ ኡስታዛ። ቅዳሜ ጋራዥ ገብቼ እመልሳታለሁ።"

አረንጓዴዋ በሠላሳ ዘጠኝ ሰኮንድ ወጣች። ነጯ በአርባ አራት። ዳገቱ ሙሉ ጭስ ሆነ። በሱዳን ሙሽራ ከሰርጓ በፊት በጭስ ትታጠናለች፤ እኛ ወሎ ወይባ እንደምንለው። ኡስታው አፍንጫውን በጥምጥሙ ጫፍ ይዞ፣ "መኪናህ ልታገባ ነው እንዴ? የሙሽራ ጭስ ትሞቃለች!" አለ። ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ስንት ሆነ ሲለኝ ነገርኩት። ሠላሳ ዘጠኝ። አልተከራከረም። እጁን ለባለቤቴ ዘረጋና መብሩክ፣ እንኳን ደስ አለህ፣ አለው። እኔም ሠላሳ ዘጠኝ ብዬ ጻፍኩ። ከጎኑ መጻፍ የነበረብኝን አልጻፍኩም።

ስንመለስ የናፍጣ መለኪያውን መርፌ አየሁት። ከነጯ ጋር እኩል ሞልተን ነበር የወጣነው፤ ዴም ስንደርስ የእኛ ከነጯ በጣም ወርዶ ነበር። ስለ ናፍጣ የሚጻፍበት መስመር አላሰመርኩም ነበርና እሱም ሳይጻፍ ቀረ።

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት የጦርነቱ ተኩስ ካርቱም ውስጥ ተጀመረ።

ስለነዚያ ቀናት ብዙ ሰው ጽፏል፤ እኔ የምጨምረው የለኝም። ውሃ ቆመ፣ መብራት ጠፋ፣ ድልድዮቹ ተዘጉ፤ ከሁለቱም ታንክ ለሰፈሩ የውሃ ሞተር ናፍጣ ተቀዳ። ከወንዙ ማዶ ባሕሪ ካለው ጋራዥ መድረስ አልተቻለም፤ የባለቤቴ መሣሪያ ሁሉ እዚያ ቀረ። ሁለቱ መኪኖች ግን ከዓርብ ጀምሮ ዴም ነበሩ፤ የእኛዋ ግቢያችን ውስጥ፣ ነጯ ኡስታው በር ላይ። ሰው ቤት የሚሠሩ ሁለት የወሎ ልጆች አሠሪዎቻቸው ጥለዋቸው ሄደው እኛ ጋ መጡ። በስድስተኛው ቀን የጎረቤታችን ጣሪያ ሲፈርስ ባለቤቴ በቃ አለ። በመዳኒ አድርገን ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ መተማ፣ ከመተማ አገር።

ኡስታው ሊሰናበተን መጣ። እሱ መሄድ አይችልም ነበር፤ እናቱ አልጋ ላይ ናቸው። ቁጭ እንኳ ሳይል የነጯን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ለባለቤቴ ዘረጋለት።

"በእሷ ሂድ" አለው። "አረንጓዴዋን ለእኔ ተዋት። የእኔዋ ዝግ ትላለች እንጂ አትጠማም። ያለኝን ናፍጣም እጨምርልሃለሁ፤ ለእናቴ ሐኪም ቤት የሚሆን ትንሽ ካስቀረሁ ይበቃኛል።"

ባለቤቴ ቁልፉን አልተቀበለም። እጁም አልሸሸም። አየሁት፤ እያሰበ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ኡስታዛ፣ ደብተሩ ምን ይላል?"

አሁን ሳስበው ያ ጥያቄ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ እኔ እንድናገርለት ፈልጎ ነበር፤ ራሱ በተፎካካሪው ፊት ማለት ያቃተውን፣ ቪቴዋን ከፍቻት ነው የሚለውን፣ እኔ እንዳወጣለት። ወይም ደግሞ በሠላሳ ዘጠኙ ከልቡ አምኖ ነበር። ሰው የራሱን ማታለል ስድስት ቀን ካደረ በኋላ እውነት አድርጎ ይይዘዋል። የትኛው እንደነበር አላውቅም። የማውቀው እኔ ያሰብኩትን ነው። ከአገር ስወጣ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ከመተማ በላይ ያለው ዳገት ላይ ቆሞ፣ ወርደን ድንጋይ ጎማ ስር ስናስገባ ያደርነውን አስታወስኩ። ኡስታው ቁልፉን እንደዘረጋ ቆሟል። ባሌን በሰው ፊት አታላይ ማድረግ አልሆነልኝም። ባልና ሚስት በሰው ፊት አይገላለጡም፤ እንዲህ ነው ያደግሁት።

"አረንጓዴዋ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ነጯ አርባ አራት" አልኩ።

"ሰማህ?" አለ ባለቤቴ። "ከፊታችን ዳገት አለ።"

ኡስታው አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ቁልፉን ኪሱ ከተተና የጎማ ቱቦ ፍለጋ ሄደ። የነጯን ናፍጣ ወደ አረንጓዴዋ የሳቡት ባለቤቴ በአፉ እየመጠጠ ነው። ናፍጣው ጉሮሮው ገብቶ ሲያስለው ኡስታው ጾምህን በናፍጣ ገደፍከው አለው። እሱም መንገደኛ ነኝ፣ ተፈቅዶልኛል፣ ለዚህም ብዬ ሱሑር፣ የሌሊቱን ምግብ፣ አልበላሁም አለ። ተቃቀፉ። የሳቁት የመጨረሻ ሳቅ እሱ ነው።

ቪቴዋን አልመለሳትም። መንገድ ላይ ጠይቄው ነበር። መሣሪያው ባሕሪ ነው አለኝ መጀመሪያ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ልጆቹ ከኋላ እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለዳገቱ ትጠቅመናለች አለ። ቁልፏና ካቻቢቴዋ ኪሱ ውስጥ እንደነበሩ እኔም እሱም እናውቃለን።

በደህናው ጊዜ መዳኒ የግማሽ ቀን መንገድ አይሞላም። ያን ጊዜ ከከተማው ለመውጣት ብቻ አንድ ቀን ፈጀብን። በየኬላው ሞተር ሳይጠፋ መቆም፣ በመንደር ውስጥ ዞሮ መመለስ፣ በአሸዋ መሄድ። መንገዱ ሁሉ ሜዳ ነው። እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ፣ አንድ ጉብታ የሌለበት የጥጥ እርሻና የመስኖ ቦይ። እኔ መስኮቱን ትቼ መርፌውን ነበር የማየው። በሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ መዳኒ ሳንደርስ፣ አረንጓዴዋ ሁለት ሦስት ጊዜ ተነጫነጨችና ቆመች።

ባለቤቴ ወርዶ ታንኩን በእጁ መታው። ባዶ። ወደ እኔ መጣና በመስኮት በኩል ቆመ። ቀጥሎ ከኋላ የያዝነውን ባዶ ጀሪካን አነሳ። ከቦዩ ማዶ የውሃ ማማ ያለው መንደር ይታያል፤ ለመስኖ ሞተር ናፍጣ አያጡም፣ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በፊት እመለሳለሁ አለ። ሲሄድ አየሁት። ቦዩን ተሻግሮ ዛፎቹ እስኪሸፍኑት ድረስ ዞር አላለም።

ዙህር አለፈ። ከማማው በዚህ በኩል ተኩስ ሰማን፤ ብዙ አይደለም፣ አራት ወይም አምስት። በወጣንበት ካርቱም ያን ያህል ትንሽ ተኩስ ለማንም አይደለም ይባል ነበር፤ ልጆቹንም እንደዚያው አልኳቸው። ቆይቶ የጭነት መኪና አለፈ፤ ሾፌሩ ገዳሪፍ ነው የምሄደው አለና ልጆቹን አሳፈርኳቸው። አብሬያቸው እንድሄድ ለምነውኝ ነበር። ሰው እየጠበቅሁ ነው አልኳቸው።

ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት በፊት፣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ በአህያ ጋሪ መጡ። ጋሪው ላይ ጀሪካኑና የባለቤቴ ጫማዎች ነበሩ። ጀሪካኑ አፉ ድረስ ሞልቷል። የታጠቁ ሰዎች ቦዩ ዳር አስቁመውት ነበር አሉኝ፤ ስጠን፣ አልሰጥም ሲባባሉ ከሩቅ ያየ ሰው አለ። ገድለውት ጀሪካኑን ለምን ጥለውት እንደሄዱ እሳቸውም አያውቁም፤ እኔም እስካሁን አላውቅም። ሽማግሌው መሬት መሬት እያዩ፣ ልጄ፣ ነይ ፊቱን እዪው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንቀብረዋለን አሉኝ። ጋሪው ላይ ከናፍጣው አጠገብ ተቀመጥኩ።

የመንደሩ ሰዎች አጥበው፣ ገንዘው፣ ሰግደውበት ቀበሩት። የማያውቁትን ሰው። የሽማግሌው ሚስት አንድ ክፍል ለቀቁልኝና ዒዳዬን እዚያ ጨረስኩ፤ አራት ወር ከአሥር ቀን። ባል የሞተባት ሴት በዚያ ጊዜ ከቤት አትወጣም፤ ማሰብ እንጂ ሌላ ሥራ የላትም። እኔም አስብ ነበር። የማስበው ስለ ገዳዮቹ አይደለም። ስለ እነሱ ማሰብ የማልችለው ፊታቸውን ስላላየሁ ይሆናል። የማስበው ሠላሳ ዘጠኝ ስለሚለው ቁጥር ነው። አስተማሪ ነኝ፤ ሒሳቡን በጣቴ ወለሉ ላይ እሠራዋለሁ። ነጯ በዚያው ናፍጣ የት ትደርስ ነበር? መዳኒ? ከመዳኒ አልፎ? መልሱን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ ኡስታው ነው፤ እሱም ይኑር ይሙት አላውቅም ነበር።

ጦርነቱ ወደዚያ መንደርም ሲመጣ ከሌሎች ሴቶች ጋር ሸሸሁ። ዞሬ ዞሬ ኦምዱርማን ገባሁ። ሰው ቤት እየሠራሁ ከዓመት በላይ ተቀመጥኩ። ባሕሪ ረጭ አለች፣ ሰው እየተመለሰ ነው ሲባል ድልድዩን ተሻግሬ ሄድኩ። የጋራዥ ሰፈሩ በር የለውም፣ ሽቦው ከግድግዳ ተመዝዞ ተወስዷል፣ ጣሪያው ሰማይ ነው። የእነሱ ጋራዥ ውስጥ የቀረው መኪና ከስሩ የሚሠራበት ጉድጓድ ብቻ ነበር። ኡስታው ጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ ቆሻሻ በአካፋ ያወጣል። ጢሙ ሸብቷል። ሲያየኝ አካፋውን ጣለና ወጣ። ወሬውን ከሰው ሰምቶ ነበር፤ እጁን ዘርግቶ ለሟቹ ፋቲሐ አነበበልኝ። እናቱ እንደሞቱ፣ ነጯንም በሄድን በሳምንቱ የታጠቁ ሰዎች ከበሩ እንደወሰዷት ነገረኝ።

የመጣሁት ልነግረው ነበርና ነገርኩት። ሠላሳ ዘጠኙ እውነት አልነበረም አልኩት። ባለቤቴ ቪቴዋን ከፍቷት ነበር፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ፤ ቁልፉን ስትሰጠው ያንን ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ከዚያ ጥያቄዬን ጠየቅሁት። በነጯ ብንሄድስ?

እንደ ሌላው ሰው የአላህ ውሳኔ ነው ብሎ እንዲያልፈኝ ጠብቄ ነበር።

"ገዳሪፍ ትደርሱ ነበር" አለኝ። "በዚያው ናፍጣ። ሳትቆሙ።"

ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እሱም ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

"እኔም አይቼዋለሁ" አለ። "ኮፈኑን ሲከፍት። ዘይት የሚያይ ሰው ካቻቢቴ አይዝም። ዓርብ ነው፣ አንድ ጊዜ ይብለጠኝ ብዬ ተውኩት። ቁልፉን ስዘረጋለት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። አንቺ ቁጥሩን ስታነቢ ግን፣ ሚስቱ ፊት እንዴት ብዬ ላዋርደው?"

ያን ቀን ሌላ ብዙ አልተነጋገርንም። ኡስታው ባለቤቴን ላለማዋረድ፣ እኔም ባለቤቴን ላለማዋረድ። ሦስታችንም አንድ ግቢ ውስጥ ቆመን፣ ሦስታችንም አንድ ነገር አውቀን። ለማጽናናት ብሎ ያልዋሸኝ ሰው እሱ ብቻ ስለሆነ አመሰገንኩት። ደስታ ግን አልሰጠኝም፤ ሸክሙም በሁለት ሲካፈል አልቀለለም። እያንዳንዳችን ሙሉውን ይዘን ተመለስን።

አገር ለምን አትገቢም ይሉኛል። ወንድሞቼ ይደውላሉ። ያንን ዳገት ለመውጣት ስል ያደረግሁትን እያወቅሁ፣ በሌላ ሰው መኪና መስኮት ዳር ተቀምጬ ልወጣው አልቻልኩም። አንድ ቀን እችል ይሆናል። እስከዚያው የባለቤቴ መቃብር ካለበት መንደር ጋር በአንድ ወንዝ ዳር ነኝ።

አሁን ባሕሪ እኖራለሁ። ጠዋት ለጋራዥ ሰፈሩ ሠራተኞች ቁርስ አበስላለሁ፤ ፉልና ምስር ነው። ከሰዓት በኋላ ሰሐን አጥባለሁ።